በጣና ዳር ፓምፕ የሞተው ካፓሲተር፦ ስስ የብረት ሽፋንን በብርሃን የመለካት አንድ ጉዳይ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ጣና ዳር ባለ የሽንኩርትና የማንጎ ማሳ ላይ የሚሠራ ባለ አንድ ፌዝ የውሃ ፓምፕ በሁለት ዓመት ውስጥ አራት ካፓሲተር (ሞተሩ እንዲነሳና እንዲዞር የሚያግዝ፣ ኤሌክትሪክ የሚያከማች ዕቃ) በላ። ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ ገበሬ ናቸው። አራተኛውን በፌስታል ጠቅልለው ወደምሠራበት የፊዚክስ ላቦራቶሪ ይዘው መጡና ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ይኸን ዕቃ የሚገድለው የክረምቱ እርጥበት ነው ይሉኛል። እውነት ከሆነ የፓምፑን ቤት አፍርሼ ከውሃው ራቅ አድርጌ እሠራዋለሁ፤ ካልሆነ ግን በከንቱ አታድክሙኝ» አሉ። ቤቱን ማፍረስና መልሶ መሥራት ከአራቱም ካፓሲተር ዋጋ በላይ ስለሚያስወጣቸው፣ የምንሰጠው መልስ በግምት ላይ እንዲቆም አልፈለግንም።

የብልሽቱ ምልክት ማንኛውም ኤሌክትሪሺያን የሚያውቀው ነው። ማብሪያው ሲጫን ሞተሩ ያጓራል እንጂ አይነሳም፤ በእጅ ሲያዞሩት ይነሳል፣ ግን ጉልበት የለውም፣ ቶሎም ይሞቃል። የካፓሲተሩ አካል አላበጠም፣ አልተሰነጠቀም፣ አልተቃጠለም። ላዩ ላይ 20 ማይክሮፋራድ (የማከማቸት አቅሙ መለኪያ)፣ 400 ቮልት፣ 10,000 ሰዓት የሚል ጽሑፍ አለው፤ የሰዓቱ ቁጥር አይ ኢ ሲ 60252-1 በተባለው የሞተር ካፓሲተሮች መስፈርት «ክፍል ቢ» ከሚባለው ጋር ይገጥማል። በመለኪያ ስናየው ግን 13.1 ማይክሮፋራድ ብቻ ቀርቶታል፤ ከአቅሙ 34.5 በመቶው ጠፍቷል ማለት ነው። ፓምፑ በቀን አምስት ሰዓት ገደማ የሚሠራው ከኅዳር ጀምሮ ስለሆነ፣ ይህ ካፓሲተር የሠራበት ጊዜ ከ1,000 ሰዓት አይበልጥም።

ምን እንደጠፋ ለማስረዳት የዕቃውን አሠራር በአጭሩ ማየት ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ካፓሲተር ውስጡ ሁለት ረጃጅም የፖሊፕሮፒሊን ፊልሞች ተደርበው የተጠቀለሉበት ጥቅል ነው። የፊልሙ ውፍረት እዚህ 6 ማይክሮሜትር ነው፤ በአንድ ገጹ ላይ በቫክዩም ውስጥ የተነነ ብረት ተቀብቶበታል፤ የዚህ ሽፋን ውፍረት የሚቆጠረው በናኖሜትር አሥሮች ነው። የቺፕስ ማሸጊያን ገልብጦ ውስጡን ያየ ሰው ይህንኑ ዓይነት ሽፋን አይቷል። ሽፋኑ በአንደኛው ጠርዝ በኩል እስከ ጫፍ ይደርስና እዚያ ዚንክ ተረጭቶበት ከሽቦው ጋር ይገናኛል፤ በሌላው ጠርዝ በኩል ግን ሁለት ሚሊሜትር ያህል ባዶ ፊልም ይተዋል። ሁለቱ ፊልሞች ተገላብጠው ስለሚደረቡ፣ አቅሙን የሚሰጠው ሁለቱም ሽፋኖች ፊት ለፊት የሚገጥሙበት መካከለኛ ስፋት ነው። ስለዚህ በዚህ ካፓሲተር ውስጥ ማይክሮፋራድ ጠፋ ማለት ፊት ለፊት የሚተያይ ብረት ጠፋ ማለት ነው፤ መለኪያው የማይነግረን ብረቱ ከየት በኩል እንደጠፋ ነው።

ጥቅሉን ከመክፈታችን በፊት ሁለቱን እግሮች በሬዚስተር አገናኝተን ቻርጁን አወጣን፤ ከዚያ ፕላስቲኩን በብረት መጋዝ ዙሪያውን ቆርጠን፣ ሬዚኑን (ጥቅሉን የከበበውን የደረቀ ሙጫ) ፈልቅቀን ጥቅሉን በረጅም ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። የእያንዳንዱ ፊልም ርዝመት 68 ሜትር ገደማ ሲሆን ስፋቱ 50 ሚሊሜትር፣ ሽፋኖቹ የሚገጥሙበት ስፋት ደግሞ 45 ሚሊሜትር ነበር። ከዚያው ሱቅ የተገዛ አንድ አዲስ ካፓሲተርም ለማነጻጸሪያ ከፈትን። አዲሱን ፊልም ወደ መስኮት አዙረን ስናየው የሽፋኑ ጠርዝ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። የሞተው ፊልም ጠርዝ ግን የጣናን ካርታ ያስታውሳል፤ ገባ ወጣ ያለ፣ እንደ ዘጌ ወደ ውሃው የሾሉ ልሳኖች ያሉበት፣ በየቦታው ቅርንጫፍ እንደሚያወጣ ሥር ወደ ብረቱ የገቡ ቀጫጭን ጥርት ያሉ መስመሮች ያሉበት ነው። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሊሽተንበርግ በ1777 እ.ኤ.አ. በዱቄት ካወጣቸው የብልጭታ ምስሎች ጋር ያለው ዝምድና ለዓይን ግልጽ ነበር። ይሁን እንጂ በዓይን ማየት ብቻውን አያስተማምንም፤ ጠርዙ እየሳሳ ሄዶ ነው የጠፋው ወይስ ተቆርጦ፣ መሐሉስ ሙሉ ነው ወይ የሚለውን የሚመልሰው ልኬት ነው።

ብርሃንን ለዚህ ሥራ የመረጥንበት ምክንያት አንድ ነው፤ የአሉሚኒየምም ሆነ የዚንክ ኦክሳይድ በዓይን ለሚታይ ብርሃን ግልጽ ነው፣ ብረቱ ራሱ ግን ብርሃንን አጥብቆ ያግዳል። ስለዚህ ሽፋኑን አልፎ የሚመጣው ብርሃን የሚነግረን ገና በብረትነቱ የቀረውን ውፍረት ነው። ቀይ ብርሃን (የሞገድ ርዝመቱ 650 ናኖሜትር) በአሉሚኒየም ውስጥ 15 ናኖሜትር ያህል በተጓዘ ቁጥር ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በገጾቹ ላይ በሚደርሰው ነጸብራቅ ምክንያት የመነሻው መጠን ራሱ አንድ ሦስተኛ ያህል እንደሆነ ስናስብበት፣ መቶኛ እጁን ብቻ የሚያሳልፍ ሽፋን 23 ናኖሜትር ገደማ ውፍረት አለው ማለት ነው። ሽፋኑ የዚንክ ቅይጥ ቢሆን ቁጥሩ ስለሚለወጥ፣ በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ውፍረቶች ሁሉ «የአሉሚኒየም አቻ» ተብለው ይነበቡ። ለእኛ ጥያቄ ዋናው ነገር በአዲሱና በሞተው ፊልም፣ በመሐሉና በጠርዙ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

መሣሪያው ውድ አልነበረም። በቋሚ 3 ቮልት የሚሠራ የሌዘር ጠቋሚ፣ ከለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ላይ ተቆርጦ በመርፌ የተበሳ የግማሽ ሚሊሜትር ቀዳዳ፣ ቢ ፒ ደብልዩ 34 የተባለው ፎቶዳዮድ (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ዕቃ)፣ ውስጡ ጥቁር ቀለም የተቀባ የጫማ ካርቶን፣ ፊልሙን በግማሽ ግማሽ ሚሊሜትር የሚያንቀሳቅስ ከአሮጌ ካሊፐር የተሠራ መንሸራተቻ። ባትሪ እየደከመ ሲሄድ የሌዘሩ ድምቀት ስለሚወርድ፣ ከእያንዳንዱ ንባብ በፊትና በኋላ ያለ ፊልም የሚገኘውን ሙሉ ብርሃን፣ ሌዘሩ ተዘግቶም የጨለማውን ንባብ ወሰድን።

በዚህ ላይ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራችን ሙሉ በሙሉ ስሕተት ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ልግለጸው። ፎቶዳዮዱን ከ10 ኪሎኦም ሬዚስተር ጋር አገናኝተን በላዩ ያለውን ቮልቴጅ እናነብ ነበር። ሙሉ ብርሃን ሲወድቅበት 400 ሚሊቮልት፣ ከአዲሱ ፊልም ጀርባ ደግሞ 40 ሚሊቮልት አነበብን፤ ስለዚህ ሽፋኑ አንድ አሥረኛውን ያሳልፋል፣ ውፍረቱም 8 ናኖሜትር ነው ብለን ጻፍን። ነገር ግን ከዚያው ፊልም 10 ሚሊሜትር በ100 ሚሊሜትር አድርገን የቆረጥነው ሰቅ በአራት ሽቦ ሲለካ 34 ኦም፣ ሰቁ ርዝመቱ የወርዱ አሥር እጥፍ (አሥር ካሬ) ስለሆነ ለአንድ ካሬ 3.4 ኦም ብቻ ሆኖ ተገኘ። የ8 ናኖሜትር አሉሚኒየም ፍጹም ንጹሕና ጥቅጥቅ ቢሆን እንኳ በሒሳብ ለአንድ ካሬ 3.3 ኦም ገደማ ነው የሚሰጠው፤ እንዲህ የሳሳ ሽፋን ደግሞ ከንጹሑ ብረት በሁለትና በሦስት እጥፍ የበለጠ ሬዚስታንስ እንዳለው የታወቀ ነው። ቁጥሮቹ ሊታረቁ አልቻሉም። ችግሩ የተገኘው ከፎቶዳዮዱ ላይ ነው፤ ባያስ (ከውጭ የሚሰጥ ቮልቴጅ) የሌለው ፎቶዳዮድ 400 ሚሊቮልት አካባቢ ሲደርስ ይጠግባል፣ ብርሃኑ በእጥፍ ቢጨምርም ቮልቴጁ እምብዛም አይነቃነቅም። ሬዚስተሩን አውጥተን ዳዮዱን በቀጥታ ከመልቲሜትሩ የማይክሮአምፔር ክፍል ጋር ስናገናኘው ሙሉው ብርሃን 400 ማይክሮአምፔር፣ ከአዲሱ ፊልም ጀርባ ያለው 4.0 ማይክሮአምፔር ሆነ። መቶኛ እጅ ነው፤ 23 ናኖሜትር፤ ከ3.4 ኦሙም ጋር ይስማማል።

ከዚህ በኋላ የተገኘው ውጤት እንደሚከተለው ነው። በሞተው ፊልም መሐል ላይ፣ በ68 ሜትሩ ርዝመት በየአምስት ሜትሩ የተወሰዱት ንባቦች 4.4 ማይክሮአምፔር አካባቢ ነበሩ፤ ውፍረቱ 22.5 ናኖሜትር ገደማ ይሆናል። በሌላ አነጋገር መሐሉ እንደ አዲስ ነው። ወደ ባዶው ጠርዝ ስንሄድ ንባቡ ሳይለወጥ ይቆይና፣ ከፊልሙ ጫፍ አሥር ሚሊሜትር ያህል ሲቀር፣ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ ከ4.4 ወደ 368 ማይክሮአምፔር ይዘላል። 368 ከሙሉው ብርሃን 92 በመቶ ስለሆነ፣ የጠፋው በፊልሙ ሁለት ገጾች ላይ የሚነጥረው ብቻ ነው፤ እዚያ የቀረ ብረት የለም። አዲሱ ፊልም ላይ ይህ ዝላይ የሚገኘው ከጫፉ 2 ሚሊሜትር ላይ ነበር። የሽፋኑ ጠርዝ በአንደኛው ፊልም በአማካይ 7.6፣ በሌላው 7.1 ሚሊሜትር አፈግፍጓል። ሁለቱ ሲደመሩ 14.7 ሚሊሜትር ነው፤ ለ45 ሚሊሜትር ሲካፈል 32.7 በመቶ ይሆናል። በካፓሲተር መለኪያው የታየው ጉድለት 34.5 በመቶ መሆኑን ያስታውሷል። በሌዘር ጠቋሚና በጫማ ካርቶን የተገኘ ቁጥር ይህን ያህል ይቀርባል ብዬ እኔም አልጠበቅሁም ነበር።

ካፓሲተር ሻጮች ዘንድ የሚሰማ ሌላ ማብራሪያ አለ፤ «ራሱን እየፈወሰ አለቀ» ይላሉ። እውነት ነው፣ ፊልሙ በደካማ ነጥብ ላይ ሲበሳ በዙሪያው ያለው ስስ ብረት በብልጭታው ተንኖ ቀዳዳውን ከቀረው ሽፋን ይለየዋል፣ ካፓሲተሩም ሥራውን ይቀጥላል። እነዚህ ክብ ጥርት ያሉ ነጥቦች በእኛም ፊልም ላይ ነበሩ፤ በአንድ ሜትር ርዝመት 11 ያህል ቆጠርን፣ የእያንዳንዳቸው ስፋት ቢበዛ 5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። በሁለቱ ፊልሞች ላይ ያሉት ሁሉ ቢደመሩ 1,500 ገደማ ይሆናሉ፤ የሚያሳጡትም አቅም ከሩብ በመቶ አይበልጥም። 34.5 በመቶውን በዚህ መንገድ ለማጥፋት ከ200,000 በላይ ቀዳዳ ያስፈልግ ነበር።

እርጥበቱስ? እርጥበት ከውጭ ስለሚገባ መጀመሪያ የሚያገኘው የውጨኛውን ዙርና የጥቅሉን ጫፎች ነው፤ ብረቱንም ቀስ እያለ ወደ ኦክሳይድ ስለሚለውጠው፣ በብርሃን ሲለካ መታየት ያለበት ከውጭ ወደ ውስጥ እየወፈረ የሚሄድ ሽፋን ነው። ይህን ያገኘነው በውጨኞቹ ሦስት ዙሮች ላይ ብቻ ነው፤ እዚያ መሐል ላይ እንኳ ንባቡ 16 ማይክሮአምፔር ደርሷል፣ ውፍረቱም ወደ 14 ናኖሜትር ወርዷል። ከአራተኛው ዙር ጀምሮ ግን የለም። ሰውየው ያመጧቸው የግዢ ደረሰኞችም ይህንኑ ደገፉ፤ ካፓሲተሮቹ የተተኩት በግንቦት 2014፣ በጥር 2015፣ በሰኔ 2015 መጀመሪያና በግንቦት 2016 ነበር። በክረምት መሐል የሞተ አንድም የለም።

እኔ በበኩሌ የጠረጠርሁት ከፍታችንን ነበር። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 80 በመቶ ያህል ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ ይቀላል የሚለው ትምህርትም በአእምሮዬ ነበር። ግን ይህ የሚሠራው ለሰፊ ክፍተት ነው። ፓሸን ባገኘው ሕግ መሠረት በአየር ውስጥ ብልጭታ የሚነሳበት ዝቅተኛው ቮልቴጅ 327 ቮልት አካባቢ ነው፤ ግፊቱ ሲቀንስ ይህ ቁጥር አይወርድም፣ የሚለወጠው ዝቅተኛው የሚገኝበት የክፍተት ስፋት ብቻ ነው፤ በባሕር ወለል 7.5 ማይክሮሜትር ገደማ የነበረው እዚህ ወደ 9 ይሰፋል። በጥቅሉ ዙሮች መካከል ሊቀር የሚችለው የአየር ክፍተት በዚሁ ልክ ስለሆነ፣ ከፍታው እምብዛም አይጎዳም። በዚያ ላይ ሬዚኑ በትክክል ከታተመ በውስጡ ያለው አየር የፋብሪካውን ግፊት እንደያዘ ይቀራል። ግምቴን ተውሁት።

የቀረው ቮልቴጁ ነው። ቮልቴጁ በ6 ማይክሮሜትሩ ፊልምና በአየር ክፍተቱ ላይ ስለሚከፋፈል፣ ክፍተቱ 327 ቮልት እንዲደርሰው በካፓሲተሩ ላይ በጫፉ (የተለዋዋጩ ሞገድ ከፍታ ላይ) ከ415 እስከ 425 ቮልት መኖር አለበት፤ መልቲሜትር ከጫፉ ያነሰውን ውጤታማ ዋጋ ስለሚያሳይ ሲነበብ 300 ቮልት ገደማ ማለት ነው። ወደ ማሳው ሄደን ለካን። ፓምፑ ውሃ እየሳበ ሳለ መስመሩ 228፣ ካፓሲተሩ ላይ ያለው ደግሞ 292 ቮልት ነበር፤ ለብልጭታው አፋፍ ላይ ነው። ከዚያ ባለቤቱ ሳንጠይቃቸው «በግንቦት እንዲህ ነው የሚያደርገኝ» ብለው የመሳቢያውን ቱቦ ከውሃው አወጡት። ፓምፑ አየር መሳብ ጀመረ፣ የሞተሩ ድምፅ ቀለለ፣ መልቲሜትሩም ወደ 348 ወጣ።

እዚህ ላይ ነገሩ ሁሉ ገጠመ። የእንዲህ ዓይነት ሞተር ካፓሲተር ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚያየው ሞተሩ ያለ ጭነት ሲዞር ነው። የጣና ውሃ ከመስከረምና ጥቅምት ከፍታው ተነስቶ እስከ ግንቦትና ሰኔ ድረስ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይወርዳል፤ ዳርቻው ለጥ ያለ ስለሆነ ይህ ቁልቁለት ሲለካ ትንሽ ቢመስልም የውሃው ጠርዝ ብዙ እርምጃ ይሸሻል፣ ፉት ቫልቩ (በመሳቢያው ቱቦ ጫፍ ያለው መዝጊያ) በደንገሉ መካከል በጭቃ ላይ ይቀራል። ጠባቂው ደግሞ ሞተሩን አብርቶ ወደ ቦዮቹ ይሄዳል። በየቀኑ ለሰዓት ያህል ፓምፑ በደረቁ ይዞራል፤ ካፓሲተሩ ከተጻፈበት 400 ቮልት ሳያልፍ፣ ነገር ግን በዙሮቹ መካከል አየር ስለቀረበት፣ በሽፋኑ ጠርዝ ላይ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ይብለጨለጫል። አጠባበቁን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ ግን አልወድም፤ ጥቅሉ ጠብቆ የተጠቀለለና አየር የማይቀርበት ቢሆን ኖሮ በ348 ቮልት እንዲህ ባልሆነ ነበር።

ብልጭታውን ራሱን ማየት ስለፈለግን ከአዲሱ ካፓሲተር ሁለት ቁራጭ ፊልም እንደ ጥቅሉ ደርበን በሁለት መስታወት መካከል አስቀመጥን፤ በመለያ ትራንስፎርመርና በተከታታይ በገባ 100 ኪሎኦም ሬዚስተር ቮልቴጅ ሰጠን። ካሜራውን ያዋሰን በከተማው ሠርግ የሚያነሳ ባለሙያ ነው። መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን፣ የካሜራውን ዓይን ለአሥር ደቂቃ ክፍት አድርገን አነሳን። በ280 ቮልት ምስሉ ጥቁር ሆኖ ወጣ። በ340 ቮልት የብረቱን ጠርዝ ተከትሎ የሄደ ሐምራዊ ቀጭን ክር ታየ፤ ክሩ ያልተቆራረጠ አይደለም፣ እንደ ዶቃ በየቦታው የደመቁ ነጥቦች አሉት። ከናይትሮጅን የሚወጣው ጠንካራው ብርሃን 337 ናኖሜትር ላይ ስለሆነ የካሜራው መስታወት አያሳልፈውም፤ የታየን የዚያ ጅራቱ ነው። ከአርባ ሰዓት በኋላ ያንኑ ቁራጭ በሌዘሩ ሥር ስናደርገው፣ የደመቁት ነጥቦች በነበሩበት ቦታ ሁሉ ሽፋኑ ወደ ኋላ ሸሽቶ ጥርት ያሉ ትናንሽ ሰርጦች ተፈጥረው ነበር።

የፓምፑ ቤት አልፈረሰም። ፉት ቫልቩ በስምንት ሜትር ቱቦ ወደ ውስጥ ተገፋ፤ ውሃው ሲርቅ ሞተሩን የሚያጠፋ ፍሎት ስዊች ገባ፤ ካፓሲተሩም በሌላ ዓይነት፣ 450 ቮልት በሚል ተተካ። ከኅዳር 2017 ጀምሮ በየወሩ መጀመሪያ ስንለካው በ20.1 ጀምሮ ሰኔ ላይ 19.9 ማይክሮፋራድ ነበር።

ሐምሌ ላይ ጎረቤታቸው የራሳቸውን የሞተ ካፓሲተር ይዘው መጡ። እርሱም 14 ማይክሮፋራድ ቀርቶት ስለነበር መለኪያው ላይ ከመጀመሪያው ጋር መንትያ ይመስላል። ስንከፍተው ጠርዙ እንደ አዲስ ቀጥ ያለ ነው፤ የውጨኞቹ ዙሮች ግን እንደ ሴሎፎን ግልጽ ሆነው ብርሃኑን በሙሉ ያሳልፋሉ፣ ወደ ውስጥ ሲኬድ ሽፋኑ ቀስ በቀስ ይወፍራል። ክዳኑ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አገኘን። እኒህን ሰው ከውሃው ራቅ ብለው እንዲሠሩ መከርናቸው።